ቢጫው እንዳይታይ

አጎቴ ፎቶ እንዳነሳቸው ያስጠሩኝ ጉበታቸውን በታመሙ ጊዜ ነው። ኮምቦልቻ፣ ቤታቸው በር ላይ ወንበር አስወጥተው፣ ነጭ ቆባቸውን አድርገው ጠበቁኝ። ዓይናቸው ሳይቀር ቢጫ ሆኗል። ፎቶው የሚሄደው ኩታበር ላለችው ልጃቸው ነበር። ከወለደች ገና ጥቂት ቀኗ ነው፤ መታመማቸውን ማንም አልነገራትም።

"ጥቁርና ነጭ አድርግልኝ" አሉ። "ይሄን መልኬን ካየች፣ ወላሂ፣ ጨቅላውን ታቅፋ ትመጣለች። በዚህ ብርድ፣ በዚህ መንገድ።"

"አጎቴ፣ ከጠየቀችኝ አልዋሽም።"

"እንዳትጠይቅህ አድርገህ አትመዋ!"

ጋዜጠኛ ነኝ፤ የኖርኩት ሰው የደበቀውን እየጠየቅኩ ነው፤ አሁን ደባቂው እኔ ሆንኩ። ወደ ደሴ ስወጣ ሚኒባሱ ውስጥ ስቁነጠነጥ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው "ወንድም፣ የመስኮቱን ቦታ ልልቀቅልህ?" አለኝ።

ደሴ አንዲት የማውቃት ፎቶ አታሚ አለች። በኮምፒውተሯ ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀየርኩት፤ ስክሪኑ ላይ አጎቴ ጤነኛ ናቸው። ወረቀቱ ሲወጣ ግን ፊታቸው ወደ ቢጫ ያደላ አረንጓዴ ሆነ። የሸሸነው ቀለም ተመልሶ መጣ።

"ሙሽራ ናቸው እንዴ እንዲህ የምትጨነቀው?" አለች።

"ቢጫ ሆነዋል እኮ።"

"ከተማው በሙሉ በዚህ ማሽን ያሳትማል፤ ቢጫ ሆንኩ ብሎ የመጣብኝ የለም። ጋዜጠኞች ስትባሉ!"

በጥቁር ቀለም ብቻ እንዲያትም አዘዝነው፤ ፊታቸው ላይ አሸዋ የተበተነ መሰለ። ወደ ቀድሞው ተመለስን። ማተሚያው ግራጫውን የሚሠራው ቀለማቱን ቀላቅሎ ስለሆነ፣ አንዱ ትንሽ ከበዛ ግራጫው ወደዚያው ያዘነብላል። ቅንብሩን አንድ በአንድ ስናይ ነገሩ ተገለጠልን። ፕሮግራሙ ቀለሙን አስተካክሎ ይልካል፤ ማተሚያው ደግሞ የተስተካከለውን እንደገና ያስተካክላል። በዚያ ላይ ያስገባነው የፎቶ ወረቀት ሆኖ ሳለ፣ የተመረጠው ተራ ወረቀት ነበር። የማተሚያውን ማስተካከያ ዘጋን፤ ለፕሮግራሙም በዚያ ወረቀት ላይ ቀለሙ እንዴት እንደሚወጣ የሚነግረውን ፕሮፋይል መረጥንለትና እንደገና አተምን። የሱቁን መብራት ስላላመንኩ አዲሱን ፎቶ ይዤ ደጅ ወጣሁ። በቀን ብርሃን ጥቁሩ ጥቁር፣ ግራጫውም ግራጫ ነው። አመስግኛት ወደ ኩታበር መኪና ሮጥኩ።

የአጎቴ ልጅ አልጋዋ ላይ ሆና ተቀበለችኝ። አማቷ ሕፃኑን ታቅፈው አጠገቧ ተቀምጠዋል። ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አዘንብላ አየችና ሳቀች።

"አባ አምሮበታል!"

ስለ ቀለሙ አልጠየቀችም። ለመሄድ ጫማዬን መፈለግ ጀመርኩ።

"ቆይ እስቲ" አለች። "ጉንጩ የት ሄደ?"

ቢጫው ሲጠፋ ጥላው ጎልቶ ነበር። የጉንጫቸው አጥንት፣ የአንገታቸው ጅማት፣ የሰፋቸው የሸሚዝ ኮሌታ ሁሉም ወጥቶ ይታያል። እኔ ስከታተል የዋልኩት ቀለሙን ብቻ ነው።

"አሞታል እንዴ?"

"አዎ።" ጉበታቸው መሆኑን፣ ሐኪሞቹ ያሉትንና ገና ያላወቁትን ነገርኳት። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

ከአልጋዋ ወርዳ ነጠላዋን ትፈልግ ጀመር።

"አርባሽ ሳይሞላ የት ልትሄጂ?" አሉ አማቷ። "አንተስ፣ ምን ይዘህብን መጣህ?"

"እማማ፣ ልጁን ይስጡኝ።"

ሕፃኑን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙት። እሷ እጆቿን ዘርግታ ቆማ ጠበቀቻቸው። ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ።

"ሂድ" አሉኝ፣ "መስኮቱ በደንብ የሚዘጋ መኪና ፈልግ።"