ጥንቸሏ በጠላ ጓዳ የዋለችበት ቀን

በግንቦት፣ ሞጣ ላይ፣ ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት እንደ ሕልም ነው። ቆርቆሮው በፀሐዩ ይንጣጣል፤ በምስማሩ ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ክብ ክብ ሆኖ ይወድቃል፤ እኔም ከብርሃኑ ጋር ቀስ እያልሁ ወደ ግድግዳው የምንሸራተት ይመስለኛል። በዚያ ሰዓት ማንም አይጠራኝም። ሰው ሲጠራኝ ልቤ ስለሚደነግጥ ሰዓቱን እወደዋለሁ።

የምሠራው አንዲት ነርስ ቤት ነው። ከሐዋሳ ተመድባ የመጣች ናት፤ ሰው ሁሉ ሲስተር ይላታል። እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን አቁሜ ከቢቸና መጣሁና እሷ ዘንድ ገባሁ። ሲስተር አንዲት ነጭ ጥንቸል አለቻት። የግቢው ባለቤት፣ እትዬ የምንላቸው ትልቅ ሴት፣ የማይበላ፣ የማይታለብ፣ ቤት የማይጠብቅ እንስሳ ለምን እንደሚቀለብ ሊገባቸው አልቻለም። ሰው ነጠላ እንኳ ከብዶት እሷ ካፖርት ለብሳ ትዞራለች እያሉ በጥንቸሏ ፀጉር ይስቃሉ።

ሲስተር ለአምስት ቀን ሥልጠና ባሕር ዳር ስትሄድ ጥንቸሏን ለእኔ ተወችልኝ። ጥንቸል አያልባትም፣ ሙቀቷ የሚወጣው በጆሮዋ ነው አለችኝ። መስኮቱ ክፍት ይሁን፤ ጆሮዋን በእርጥብ ጨርቅ አብሺላት፤ ውኃ ግን አትድፊባት፣ ትደነግጣለች። ጆሮዋ እንደ እሳት ከጋለ ክፉ ነው። ይህን ሁሉ ራሴን እየነቀነቅሁ ተቀበልሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች ደስ የሚሉ ነበሩ። ሻሼን አርጥቤ መስኮቱ ላይ ሰቀልሁት። ነፋሱ በሻሹ ሲያልፍ ቤቱ ወንዝ ዳር ያለ ይመስል ነበር። ጥንቸሏ ሲሚንቶው ላይ ተዘርግታ ትተኛለች፣ እኔም አጠገቧ። ጆሮዋን ብርሃን ሲያገኘው በውስጡ ቀጫጭን ቀይ ሥሮች ይታያሉ፤ አንዷን ሥር በዓይኔ ስከተል እንቅልፍ ይወስደኛል። አንዳንዴ ለሰው የማልናገረውን እነግራታለሁ። እሷም አፍንጫዋን ታንቀሳቅሳለች።

በሦስተኛው ቀን ሙቀቱ ባሰ፤ ጥንቸሏም ማለክለክ ጀመረች። እትዬ ገብተው አዩዋትና ምች ነው የመታት አሉ። ምች የመታው ነፋስ ሊነካው አይገባም ብለው መስኮቱን ዘጉት፣ ጋቢ አምጥተው ሸፈኗት፣ ዳማከሴ ሊቀጥፉም ወደ ጓሮ ወጡ። ሲስተር ያለችኝ ነገር ሁሉ አፌ ላይ ነበር። ትልቅ ሰው የዘጋውን መስኮት እንዴት አድርጌ እከፍታለሁ?

ቁጭ አልሁ። የብርሃኑ ክቦች ወለሉ ላይ ሲሄዱ አየሁ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ከዚያ እጄን ከጋቢው ሥር አስገብቼ ጆሮዋን ስነካው ይፋጃል። ስነካት ራሷን እንኳ አላዞረችም።

ጋቢውን ገፍፌ መስኮቱን ከፈትሁት፤ የገባው ነፋስ ግን ራሱ ትኩስ ነበር። በግቢው ውስጥ የሚቀዘቅዝ ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ የእትዬ የጠላ ጓዳ። ግድግዳው ወፍራም ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር ነው፣ ጋኖቹ ሥር ያለው መሬትም እርጥበት አይለየውም። ነገር ግን በጋኖቹ ውስጥ ያለው በማግስቱ ለማኅበር የሚወጣ ጠላ ነበር። እትዬ ደግሞ ዕቃዬን ታረክስብኛለች ብለው ጥንቸሏን በዚያ በር አጠገብ እንኳ አያሳልፏትም።

አንስቻት ስወጣ እትዬ ቅጠሉን በመዳፋቸው እያሹ ሲመለሱ ተገናኘን። ጥንቸሏ ክንዴ ላይ እንደ ታጠበ ልብስ ተንጠልጥላለች።

«ወዴት ነው የምትወስጃት?»

«እትዬ፣ ምች አይደለም፣ ሙቀት ነው። ጓዳዎ ያስገቡልኝ።»

«የማኅበሩ ጠላ ካለበት?»

«አዎ» አልሁ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «እዚህ ከቆየች ትሞታለች። ሲስተር ነግራኝ ነበር፤ እርስዎን ፈርቼ ነው ዝም ያልሁት።»

እትዬ ጥንቸሏን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያዩት። በዚያ ግቢ ሦስት ዓመት ስኖር ከሰላምታ ያለፈ ነገር ነግሬያቸው አላውቅም። በመጨረሻ ጋኑን እንዳታስነኪያት ብለው ቀደሙኝ። ጋኖቹን በአንሶላ ሸፈኑ፣ ጥጉ ላይ ሰሌን አነጠፉልኝ።

ጓዳው ጨለማ ነው፤ ጌሾና ብቅል ይሸታል። ጆሮዋን በእርጥብ ሻሼ እያበስሁ ሆዷ ከፍ ዝቅ ሲል አያለሁ። የውጭው ድምፅ ሁሉ ከሩቅ ይመጣል፤ ከጥልቅ ውኃ በታች ሁለታችን ብቻ የተቀመጥን ያህል ነበር። ትንፋሿ ቀስ በቀስ ረጋ። ጆሮዋ ለመዳፌ ለብ አለ፣ ኋላም ቀዘቀዘ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ራሷን አነሣችና በጣሳ ክዳን ያቀረብሁላትን ውኃ መጠጣት ጀመረች።

እትዬ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው በሩ ላይ ቆመው ኖሯል።

«እንዲህ ነው እንዴ የምትጠጣ?» አሉ።

ከዚያ ደፉ ላይ ተቀመጡ። ዳማከሴውን አልጣሉትም፤ የራሳቸውን ግንባር አሹበት። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ጥንቸሏን አብረን አየናት። ሲነሡ ጠላው ጠዋት እንደሚወጣ ነገሩኝ፤ ከዚያ ወዲያ ጓዳው ባዶ ነው፣ ሙቀቱ ሳይበረታ በጊዜ አምጫት አሉ።