ለቅሶ ያፈረሰው ጎሚስታ

ምግብ ቤቴ ውስጥ አንድ ድምፅ አለ፤ እሱ ካለ ሥራ አለ። ከኩዌት በሻንጣ ተሸክሜው የመጣሁት ትልቁ የፕሬዠር ድስት ቅቅል ሲጣድበት፣ ክዳኑ ላይ ያለችው ክብደት እየዘለለች እንፋሎቱን ትለቃለች፤ ፍሽ፣ ፍሽ፣ ፍሽ። ደንበኞች ይሰለቹታል። እኔ ደግሞ ካልሰማሁት እቁነጠነጣለሁ። ባለፈው ሳምንት፣ ምሳ ሰዓት ሊደርስ ሲል፣ ያ ድምፅ በድንገት ቆመ። ምን እንደሆነና ማን ቀድሞ እንደነቃ ኋላ እመጣበታለሁ። አሁን የማወራው ስለ ጋሽ እንድሪስ ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ከራሴ አልወጣ ብሏልና።

ጋሽ እንድሪስ ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ ከኛ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ጎሚስታ ነበር። ያኔ ወደ ገሳይና ወደ ነፋስ መውጫ የሚወስደው መንገድ ገና አስፋልት አልለበሰም። ጠጠሩ ጎማ ይበላል፣ ጠጠሩ ጎማ ሲበላ ደግሞ ጋሽ እንድሪስ እንጀራ ይበላል። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ የስፌት መኪናውን በረንዳው ላይ ዘርግቶ ይውላል። ሁለቱ ከግድግዳው ሌላ ሬዲዮም ይጋሩ ነበር፤ ሬዲዮው የአባቴ፣ ባትሪው የጋሽ እንድሪስ። ከወዲያ የማስቲሽ፣ የተቃጠለ ካላማዳሪና የናፍጣ ሽታ ይመጣል፤ ከወዲህ የከሰል ካውያ እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ የሚወጣው ሽታ። የልጅነቴ ሽታ ይኸው ነው፤ ስለ አበባ የፈለገ ሌላ ሰው ይጻፍ።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ቆቡ በቅባት የጠቆረ ሰው ነበር። ግራ ጆሮው አይሰማም። እንደሱ ቁጭ ብድግ የሚል ሰው እስከዛሬ አላየሁም። ሻይ ቀርቦለት አንዴ ፉት ሳይል ይነሳል፣ ኮምፕረሰሩን ዞር ብሎ አይቶ ይመለሳል፣ ተቀምጦ ደግሞ ይነሳል። ኮምፕረሰሩ የአንድ በሬ ሆድ የሚያክል አረንጓዴ ጋን ነበር፤ በቀበቶ የሚያዞረው የናፍጣ ሞተር አጠገቡ ተተክሏል። ከላዩ ላይ ማስተንፈሻ አለው። ንፋሱ ከልክ ሲያልፍ ያቺ ማስተንፈሻ ራሷ ትከፈትና ጎረቤቱን የሚያስደነብር ፉጨት ታወጣለች። ያኔ ጋሽ እንድሪስ ሞተሩን ያጠፋል። የንፋሱን ልክ በመርፌ የሚያሳይ ጌጅም ነበረው፣ ግን ጌጁን አያምነውም።

ደንቡ ብዙ ነበር። ሞተሩ እየሠራ ጥሎት አይሄድም። ጋኑ ሲሞላ በጋኑ ጫፍ በኩል ማንም አይቀመጥም፤ ባለሥልጣን ቢሆን፣ ቄስ ቢሆን፣ ሀጂ ቢሆን። የአይሱዙ ጎማ ሲነፋ ቸርኬው በሰንሰለት ይታሰራል፣ ባለመኪናውም እስከ መንገዱ ማዶ ይባረራል። ማታ ማታ ከጋኑ ሥር ያለውን ቧንቧ ከፍቶ ዝገት የመሰለ ውሃ ያፈስሳል፤ ውሃው ካደረ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል ይል ነበር። የሰፈሩ ሰው ይቀልድበታል። "እንድሪስ ቤት አግዳሚው ብዙ፣ መቀመጥ ግን ክልክል" ይሉታል። አባቴ ብቻ አይቀልድም። ለምን እንደሆነ የገባኝ አንድ ቀን ጋሽ እንድሪስ ለአባቴ ሲያወራ ስሰማ ነው። ወጣት ሳለ አብሮት ይሠራ የነበረ ጓደኛው የጭነት መኪና ጎማ ሲነፋ የቸርኬው ቀለበት ተስፈንጥሮ ፊቱን መትቶ ገደለው። የጋሽ እንድሪስ ግራ ጆሮም የሄደው በዚያው ፍንዳታ ነው። በቡሄ ሰሞን ጅራፍ ሲጮህ ደህናውን ጆሮውን በመዳፉ ይደፍን ነበር። የኛ ከተማ ደግሞ የቡሄ ከተማ ናት፤ ያ ሰው ነሐሴን እንዴት እንደሚወጣው እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ።

አባቴ የሞተው በክረምት መውጫ ነው። ድንኳኑ ግማሹ በኛ በር፣ ግማሹ በጋሽ እንድሪስ በር ፊት ተተከለ፤ ሌላ ሜዳ አልነበረንም። ካስማውን በመዶሻ የመታው ራሱ ጋሽ እንድሪስ ነው። ሱቁን ዘጋ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ወንዶቹ መሃል ገብቶ ተቀመጠ። በዚያ ሰሞን ሲነሳና ሲቀመጥ አላየሁትም። ጓደኛው የሞተበት ሰው ነበር፤ ልጅ ብሆንም አዝኜለታለሁ።

በሠልስቱ ቀን ከገሳይ የአባቴ ዘመዶች በተከራዩት አይሱዙ መጡ። አብረዋቸው እማማ ዘርፌ፣ የአባቴ አክስት፣ አሉ። እማማ ዘርፌ አልቃሽ ናቸው፤ ግጥም ሲያወርዱ ድንጋይ ያስለቅሳሉ ይባልላቸው ነበር። እናቴ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ የምትጠብቀው እሳቸውን ነው። "ዘርፌ ሳያለቅሱለት አልተቀበረም" ትላለች። አይሱዙው ግን ከተማው መግቢያ ላይ ጎማው ተንፍሶ እየተንገዳገደ ነበር የደረሰው፤ ዘመዶቹም ሳይመሽ መመለስ ነበረባቸው። የኮምፕረሰሩ ግማሽ ባለቤት ሰይድ፣ ጭምት ሰው፣ ጋሽ እንድሪስን ከሐዘን አላስነሳም ብሎ የሱቁን የጓሮ በር ከፍቶ ሥራ ጀመረ። ሞተሩ ድንኳኑ ውስጥ ይሰማ ነበር። ለለቀስተኛ መኪና ነውና ማንም ቅር አላለውም።

ፉጨቱ ግን ሌላ ነገር ነው። እማማ ዘርፌ እያለቀሱ ያ ፉጨት ቢለቀቅ ነውር ነው። ስለዚህ ሰይድ ማስተንፈሻዋን በሽቦ ጠፍሮ አሰራት፤ በላይዋ ላይ እርጥብ ጆንያ ጠመጠመባት። ክፋት አልነበረውም። እንዲያውም በዚያ ቀን ከሰይድ የበለጠ ለአባቴ ለቅሶ የተጨነቀ ሰው አልነበረም። ከዚያ ሞተሩን እንደበራ ትቶ ጎማውን ሊፈታ ጓሮ ሄደ።

እማማ ዘርፌ ተነሱ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ጀመሩ፦

"የሰውን ቀዳዳ ስትሰፋ ኖረህ፣"

ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ፣ እናቴ አንገቷን ደፋች፣ ሁላችንም ሁለተኛውን ስንኝ ጠበቅን። እኔ ከእናቴ ጉልበት ሥር ሆኜ የማየው ጋሽ እንድሪስን ነበር። ደህናውን ጆሮውን ወደ ሱቁ አድርጎ ነበር የተቀመጠው፤ ልማዱ ነው። ሞተሩ እየሠራ ነው፣ ፉጨቱ ግን ጊዜው አልፎም አልመጣም። ራሱን ቀና አደረገ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

"ምነው ዝም አለ?" አለ።

ተነሳ። ደግሞ አዳመጠ፤ ከዚያ ያ ድምፁ ከፍ ብሎ የማያውቅ ሰው ጮኸ። "ውጡ! ሁላችሁም ውጡ! ወደ ማዶ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በኩል!" ቄሱን በክንዳቸው ጎትቶ አስነሳቸው። አግዳሚ ተገለበጠ፤ ንፍሮው መሬት ላይ ተበተነ። እናቴን ትከሻዋን ይዞ ገፍትሮ አስወጣት፤ ሐዘንተኛ ሴት፣ በባሏ ሠልስት። እማማ ዘርፌን ሁለት ሰው ደግፎ አወጣቸው። እሳት ነው ያለ አለ፤ እንድሪስ አበደ ያለም አለ። እሱ ግን እኛን መንገዱ ማዶ አድርሶ ተመልሶ ሄደ። ሰይድን ከጓሮ አባረረው፤ ሞተሩን አጠፋ። ማስተንፈሻዋን አልነካትም። በሆዱ ተኝቶ፣ በግድግዳው ጥግ እየተሳበ፣ ከጋኑ ሥር ያለውን ቧንቧ ከፈተ።

የወጣው ድምፅ እስከዛሬ በጆሮዬ አለ። ፉጨት አይደለም፤ ጩኸት ነው። ሰይድ ላለማሰማት የደከመበትን ሁሉ ካሰው። አላልቅ አለ፤ እኛም መንገድ ዳር ቆመን፣ ጥቁር ለብሰን፣ የዛገ ውሃ ከሱቁ ደጃፍ ሲፈስ እናይ ነበር። በመጨረሻ ቆመ። ምንም አልሆነም። ድንኳኑም ጋኑም እዚያው ናቸው። ጋሽ እንድሪስ የጌጁ መርፌ ከቀዩ አልፎ ነበር አለ፤ ሰይድ ደግሞ ገና አልደረሰም ነበር አለ። ሌላ ያየ ሰው የለም።

እማማ ዘርፌ ተመልሰው ቆሙ፣ ግን ስንኙ አልመጣ አላቸው። አለቀሱ እንጂ ግጥሙን አልደፉትም። አይሱዙው ዘመዶቻችንን ጭኖ ሄደ። አባቴም በግማሽ ግጥም ተሸኘ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ እንድሪስ በከተማው "ለቅሶ ያፈረሰው" ተባለ። እስላም ሆኖ የክርስቲያን ለቅሶ በተነ ያሉም ነበሩ፤ ይኼን የሚሉት ግን የራሳቸው ጎማ እስኪተነፍስ ነው። እሱን የጎዳው የሰው ወሬ አይደለም፣ የእናቴ ዝምታ ነው። ከአርባው በፊት ገሳይ ድረስ ሄዶ እማማ ዘርፌን ግጥሙን እንዲጨርሱ ለመናቸው። "ያን ቀን የመጣልኝ ያን ቀን ሄደ፣ ልጄ" ብለው መለሱት። ከዚያ ሽማግሌ ይዞ ወደ ቤታችን መጣ። ቆቡን በእጁ ይዞ ከበሩ አላልፍም አለ።

"ይቅር በሉኝ፣ እትዬ ጥሩ" አላት።

እናቴ ቀና ብላ አየችው። "አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። ይፈነዳ ነበር?"

ሽማግሌዎቹ በዓይናቸው ለመኑት። አዎ ቢል ነገሩ እዚያው ያልቃል። እኔም በልቤ አዎ በል እለው ነበር።

"እኔ እንጃ" አለ። "ላይፈነዳም ይችል ነበር። ግን ሰው አስቀምጬ አልሞክረውም።"

እናቴ ፊቷን አዞረች። ይቅርታውን ለሽማግሌ ስትል በአፏ ሰጠችው፤ ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ቀን ቆማ አላነጋገረችውም። ያን ጊዜ በሱም በሷም ተናደድኩ። አሁን ሳስበው፣ ውሸት ያቺን ታህል ቀርባለት እምቢ ያለ ሰው ሌላ አላጋጠመኝም።

የአባቴን የስፌት መኪና እናቴ ያዘችው። ፔዳሉን ስትረግጥ እግሯ እንደ ባሏ ፈጣን ነበር። አንድ ነገር ግን አይ ነበር። ከግድግዳው ማዶ ሞተሩ ሲነሳ እግሯ ቀስ ይላል። ፉጨቱ ሲዘገይ እግሯ ጭራሽ ይቆማል፤ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደተተከለ ትቀመጣለች። ከዚያ ፉጨቱ ይመጣል። "ይኸው ተነፈሰ" ትላለች በጥርሷ፣ እግሯም ይቀጥላል። ንዴት መስሎኝ ነበር። ፉጨቱን ጠልታው፣ ሰውየውን ጠልታው፣ ጉዳዩን እያስታወሰች የምትብከነከን ይመስለኝ ነበር። ልጅ ስለ እናቱ የሚያውቀው ምን አለ?

ኩዌት ሳለሁ በስልክ "እንድሪስ ሞተ" አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም፤ እኔም የሰው ቤት ወለል እየወለወልኩ ነበርና አልጠየቅኋትም። ስመለስ ሱቁ የሞባይል መሸጫ ሆኗል። የአባቴን በረንዳ ምግብ ቤት አደረግኩት። እናቴ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ትኖራለች፤ ጆሮዋ ደክሟል፣ የድስቱን ፍሽታ ግን ትሰማዋለች፤ ቀትር ላይ ትተኛለች።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት። እኔ ፊት ለፊት እያስተናገድኩ ነበር። ወጥ ሠሪዋ የሺ ደግና ትጉህ ልጅ ናት። "እማማ ተኝተዋል፣ አይረበሹ" ብላ የድስቱ ክብደት ላይ ጨርቅ አጥፋ ደርባ፣ እንዳይወድቅ ዘነዘናውን ከላዩ ጫነችበት። ጋዙን ሳትቀንስ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። እኔ ድምፁ መቆሙን ሰምቼ ምን ጎደለኝ እያልኩ ሰሃን ይዤ ቆሜያለሁ። የጀርባው በር ተበረገደ። እናቴ ናት፤ ባዶ እግሯን፣ ሻሽ እንኳ ሳታደርግ።

"ምነው ዝም አለ?" አለች።

መልስ አልጠበቀችም። "ውጡ! ሁላችሁም ውጡ!" ደንበኛውን ሁሉ በዚያ በደከመ ክንዷ እየገፋች በሩ ላይ አደረሰችው። እኔ ጋዙን ከውጭ ካለው ሲሊንደር ዘጋሁ። መንገድ ዳር ቆምን፤ የባጃጅ ሹፌሮች ይስቃሉ፣ የሺ ታለቅሳለች፣ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ማንንም አታስገባም። ድስቱ እስኪበርድ ጠበቅን። ምንም አልሆነም። ቅቅሉ ጥሬ ሆኖ ቀረ፤ ደንበኞቹም እያጉረመረሙ ሌላ ምሳ ፍለጋ ተበተኑ። አንዱ ብቻ፣ ጎልማሳ ነው፣ ዞሮ መጣ።

"እማማ፣ ለመሆኑ ይፈነዳ ነበር?"

እናቴ ወደ ሞባይል ሱቁ ግድግዳ አየች።

"እኔ እንጃ፣ ልጄ" አለች። "ሰው አስቀምጬ አልሞክረውም።"

ቃሉ የማን እንደሆነ አልነገረችውም። እኔም አልነገርኩትም። ጨርቁን አንስቼ ድስቱን እንደገና ጣድኩ። ፍሽ ማለት ሲጀምር እናቴ ተመልሳ ተኛች።