ቀለበቱ ሳይታይ

ገበያነሽ ደሴ ከተማ፣ ሰኞ ገበያ የሚባለው ሰፈር ተወልዳ ካደገችበት ጊዜ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንላት ሰው ነበረች። በደርግ ጊዜ የወላጆቿ ጸሎት ቤት ታሽጎ ጴንጤዎቹ በየሰው ቤት በሹክሹክታ ሲዘምሩ እንኳ፣ እሷ በር በሩን ታያለች። ይህች ሴት ኮምቦልቻ የከብት በሽታ መመርመሪያ ገብታ መጠበቅን እንጀራዋ አደረገች። ሥራዋ ባክቴሪያ ደም በተቀላቀለበት ሳህን ላይ ዘርቶ ማሳደር፣ በማግስቱ ምን እንዳመነጨ ማየት ነበር። ባክቴሪያ የሚያመነጨውን ነገር እየመዘነ ማንነቱን ቶሎ የሚለይ መሣሪያ ውጭ አገር እንዳለ መጽሔት ላይ ካነበበች ወዲህ ግን ያቺ የመጠበቂያ አንድ ሌሊት ረዘመችባት።

በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን፣ ሙሄዲን የሚባል የሐርቡ ገበሬ የበሬ ጆሮ በቅጠል ጠቅልሎ ማልዶ መጣ።

«ሞቶ ነው?» አለችው።

«ኧረ፣ ሊሞት ሲል ቢላዋ ደረሰለት። ቢስሚላህ ተብሎበታል፤ በክት አይደለም።»

«ታዲያ ምን አመጣዎት?»

«ደሙ ጠቁሮ አልረጋ አለኝ። ሥጋውን ሰባት ቤት ተካፍሎታል፣ ማታ ይበላል።»

በአጉሊ መነጽር ስታየው ዘንግ ዘንግ የሚመስል ባክቴሪያ ሞልቶታል። ሥጋውን የበላ ሰው የሚገድለው አባ ሰንጋም ይህን ይመስላል፤ ተራ የአፈር ባክቴሪያም ይህን ይመስላል። የሚለያቸው ሥራቸው ነው። የአፈሩ ደም የሚያፈርስ ነገር ስለሚያመነጭ ዙሪያውን ነጣ ያለ ቀለበት ያወጣል፤ አባ ሰንጋ አያወጣም። ሳህኑ ላይ ዘራችው።

«ውጤቱ ነገ ጠዋት ነው። እስከዚያ አትብሉ።»

«እኔ አትብሉ ብላቸው ማን ይሰማኛል? ‹ሙሄዲን ለብቻው ሊበላው ነው› ነው የሚሉኝ። ልጁ የራበው ሰው ነገን አያውቅም፣ አንቺ ልጅ።»

አለቃዋ ውጤት ሳይታይ ቃል አይወጣም ባይ ነበር። እስከ ስምንት ሰዓት ሳህኑን አራት ጊዜ ወደ ብርሃን አንሥታ አየች፤ ገና ምንም አልበቀለበትም። ጋዋኗን አውልቃ ከሙሄዲን ጋር ጭነት መኪና ላይ ወጣች። ሐርቡ ደርሳ ሰባቱን ቤት ሰብስባ «ታይቷል። አባ ሰንጋ ነው» አለች።

ሥጋው ጉድጓድ ገባ። አንዲት እናት ድስቷን እንዳለ ገለበጠችው።

በማግስቱ ሳህኑ ላይ በበቀለው በእያንዳንዱ የባክቴሪያ ነጠብጣብ ዙሪያ ነጣ ያለ ቀለበት ነበር።

በዚያው ቀን ሐርቡ ተመልሳ ለሙሄዲን ነገረችው።

«ለሌሎቹ አትንገሪ» አላት። «ነገ ሌላ በሬ ሲታመም የሚሰማሽ አይኖርም።»

«እሱን እኔም ፈርቻለሁ። ግን ራታቸውን ያስቀበርኩት እኔ ነኝ» አለችና ድስቷን የገለበጠችው ሴት ቤት የትኛው እንደሆነ ጠየቀችው።