የአያ ሙሄ ሬዲዮ

የተቃጠለ ሽቦ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ቀና ብዬ ማን ምን እንዳቃጠለ ለማየት ዙሪያዬን ቃኘሁ። ያቃጠልኩት እኔው ነበርኩ። ደሴ፣ ግቢዬ ውስጥ፣ በአሮጊቷ መኪናዬ ወንበር ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ጭንቅላቴን ከዳሽቦርዱ ሥር ቀብሬ፣ እግሮቼን በበሩ ወደ ውጭ ሰድጄ የመኪና ቴፕ ስገጥም ነው። ስገጥም አልኩ እንጂ ስታገል ነው። ዕድሜዬን ሰኞ ገበያ ጨርቅ ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከመቀስ በቀር መሣሪያ ጨብጬ አላውቅም፤ ሽቦውንም የላጥኩት በዚያው በጨርቅ መቀሴ ነው። ቀዩን ከቢጫው፣ ቢጫውን ደግሞ ደስ ካለኝ ጋር አገናኘሁ። ቴፑ አንዴ ብልጭ አለ፣ ከዚያ ጭስ ተከተለ። ጢሜም ሳይለበለብ አልቀረም፤ ደግነቱ ሸብቷልና አመድ ቢነሰነስበትም አይለይም።

ሽታው ግን እዚያው ግቢዬ ውስጥ አላስቀመጠኝም። ልጅ ሆኜ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ፣ ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ የአያ ሙሄ ታክሲ ፍሬን ሲግል የሚሸተው እንዲህ ነበር። ስንት ዘመን ያላሰብኩት ሰው፣ ጭሱ መሀል ቆሞ ሲስቅብኝ ታየኝ።

ቴፑ የቅንጦት አልነበረም። ባለቤቴ ሐዋ ባለፈው ክረምት ቀኝ ጎኗ ሰነፈ፣ አንደበቷም አብሮ ተያዘ። ከአፏ የሚወጣው "እእ" ብቻ ነው፤ ራቧም፣ ቁጣዋም፣ ፍርሃቷም "እእ" ነው። እጇን የምታፍታታላት ባለሙያ ኮምቦልቻ ነው ያለችው፤ በየሳምንቱ ካልመጣች እጇ እንደታጠፈ ይቀራል ብላናለች። መንገዱን ግን ሐዋ ፈራችው። ቁልቁለቱ ሲጀምር ትጮሃለች፤ በደህናው በግራ እጇ መሪ የያዘ ክንዴን ጨምድዳ ትይዛለች። ባለፈው ሳምንት ጭራሽ መኪናው በር ላይ እግሯን ተክላ አልገባም አለች። ልጃችን፣ "አባዬ፣ የምትወደውን እያሰማሃት ብትነዳስ?" ብላ በፍላሽ ዘፈንና መንዙማ ጭና ሰጠችኝ። እኔ ራሴ ምን ልበላት? ዕድሜ ልኬን ስቀልድባት ኖሬ፣ እሷ መልስ መስጠት ስታቆም ቀልዴም አብሯት ዲዳ ሆነ።

አያ ሙሄ የሰፈራችን ሰው ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ደሴ ላይ እስከ አንገቱ የሚቆልፈውን ካፖርት ኮምቦልቻ ሲደርስ አውልቆ በሽርጥና በሸሚዝ የሚቀር ሹፌር። ካፖርቱ ቤንዚንና የረጠበ የበግ ፀጉር ይሸታል። ታክሲው ሰማያዊ ናት፤ የኋላ በሯ በሲባጎ ይታሰራል፣ የወንበሯ ስፖንጅ በየስፌቱ አፍጥጦ ይወጣል። ዳሽቦርዱ መሀል ደግሞ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ነበር። ሬዲዮው ከቀድሞው ባለቤት ጋር ሄዶ፣ ቦታው ብቻ ለአያ ሙሄ ደርሶታል። እሱም ከረሜላ፣ ክብሪት፣ መስተዋት የሚወለውልበትን ከአባቴ የጨርቅ ሱቅ የተረፈ ቁርጥራጭ ያስቀምጥበታል።

መንገዱ ወደ ታች መውደቅ ሲጀምር አያ ሙሄ "ቢስሚላህ" ይልና ሁለት ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ ከቶ የሌለውን ቁልፍ ያዞራል። ከዚያ በከንፈሩ "ክርርርር… ሽሽሽ…" ያሰማል። ከዚያ ድምፁን ያጎረንናል።

"ይህ ከሐረጎ የሚተላለፍ ዜና ነው። የሰኞ ገበያዋ እትዬ ዘይነባ ሁለት ዶሮ ይዘው ወደ ቆላ በመውረድ ላይ ናቸው። አንደኛዋ ዶሮ ጉዞውን እንደምትቃወም ከታመነ ምንጭ ተረድተናል።"

"አንተ ሙሄ! ወላሂ፣ ዓይንህን ከመንገዱ ብታነሳ በዚህችው ዶሮ ነው የምጠፈጥፍህ!" ትላለች እትዬ ዘይነባ ከኋላ።

"እሱን ለሹፌሩ ይንገሩት። እኔ ሬዲዮ ነኝ።"

ታክሲዋ በሳቅ ትናጣለች። ዜናው ሲያልቅ መንዙማ ይገባል። አንድ ጊዜ መንዙማውን ከጀመረ በኋላ በመስተዋቱ ጥምጥም አየ፤ ከኋላ ቄስ ተቀምጠዋል። "ይቅርታ አድማጮች፣ ጣቢያ ተሳስተናል" ብሎ ወደ መዝሙር ዞረ። መዝሙሩን ስለማያውቀው እንደ ከብት ነጂ ያላዝን ጀመር። ቄሱ ትንሽ ታገሱና፣ "ልጄ ሙሄ፣ በማርያም፣ ወደ ቅድሙ መልሰው" አሉት።

ከሁሉም የማልረሳው ግን የጉሙን ቀን ነው። ከእናቴ ጋር ሐርቡ ያለችውን አክስቴን ልንጠይቅ እየወረድን ነበር። እኔ ከፊት፣ እናቴ ጭን ላይ፣ ማርሹ ጉልበቴን እየነካኝ። ሐረጎ ላይ ጉሙ እንደ ተባዘተ ጥጥ መስተዋቱ ላይ ተለጠፈ። ቀጥሎ ያ ሽታ መጣ። አያ ሙሄ ፍሬኑን ሲረግጥ ፔዳሉ እንደ ረጠበ አፈር ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ከኋላ አንዱ "ያረቢ!" አለ፤ ሌላው ዱዓ ጀመረ፤ አንዲት ሴት አለቀሰች፤ እናቴ ደረቷ ላይ ለጠፈችኝ። አያ ሙሄ ማርሹን በኃይል ወደ ከባዱ መለሰና ሞተሩ እየጮኸ፣ በአንድ እጁ መሪውን፣ በሌላው ቀዳዳውን ያዘ። ሬዲዮው እንደዚያን ቀን ጮክ ብሎ አያውቅም። የዶሮ ዜና፣ የገበያ ዜና፣ ኮርማ የተዳፈረች የአንዲት ጊደር ዜና። ሰው መጀመሪያ ተቆጣው፤ ኋላ ዝም አለ፤ ኋላ አንዱ ሳቀ።

እኔ ወደ ታች አየሁ። ጉልበቱ የሽርጡ ጫፍ እስኪወናጨፍ ድረስ ይንቀጠቀጥ ነበር። ማየቴን አየኝ፤ ዜናውን ግን አላቋረጠም።

ኮምቦልቻ ደርሰን፣ ሙቀቱ ፊታችንን ሲልሰን፣ ካፖርቱን ሲያወልቅ ጠጋ ብዬ፣ "አያ ሙሄ፣ ፈርተህ ነበር?" አልኩት።

ከቀዳዳው ከረሜላ አውጥቶ ሰጠኝ። "ሬዲዮ አይፈራም" አለኝ። "ሹፌሩን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።"

አያ ሙሄ ከሞተ ቆየ። ታክሲዋም ጎማዋ ረግቦ የሰፈር ዶሮ እንቁላል ስትጥልባት ኖራ ብረቷ ተለቅሞ ሄደ። እኔም አድጌ፣ ነግጄ፣ አርጅቼ፣ በጭስ መሀል አስታወስኩት።

ጭሱ ሲበርድ የሰፈራችንን የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጀማልን ጠራሁት። የኮምቦልቻው የሐዋ ቀጠሮ በማግስቱ ጠዋት ነበር። ጀማል ጭንቅላቱን እኔ ከነበርኩበት ከተተ፤ ብዙ ቆየ።

"አባባ፣ ይቺን ማን ነው የቆረጣት?"

"መቀስ" አልኩ።

"እሷስ ትቀጠላለች። ሌላው ግን የለም እኮ! ለቴፑ ኤሌክትሪክ የሚያመጣው መስመር ከሥሩ ተነቅሏል። የቀረችው አንዲት መስመር ደግሞ የዝናብ መጥረጊያውን ነው የምታንቀሳቅሰው። የዱሮው ባለቤት ከሬዲዮው ነጥቆ ለመጥረጊያው ሰጥቶታል።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ይምረጡ። ወይ ዘፈን፣ ወይ መጥረጊያ።"

"ሁለቱም አይሆኑም?"

"ዳሽቦርዱ ወርዶ ሽቦው በሙሉ ከተቀየረ ይሆናሉ። ሳምንት ይተዉልኝ። ዛሬ ግን፣ ወላሂ፣ ከአቅሜ በላይ ነው።"

ሁለታችንም ቀና ብለን ጦሳን አየነው። ተራራው እስከ ወገቡ ጉም ለብሷል። መጥረጊያውን መረጥኩ። ጀማል እኔ የቆረጥኳትን ቀጥሎ፣ የተራቆተችውን በፕላስተር ጠቅልሎ፣ "አብሽሩ አባባ" ብሎኝ ሄደ። ቴፑን አውጥቶ ወንበሩ ላይ ትቶታል። ዳሽቦርዱ መሀል ጠርዙ የጠቆረ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ቀረ።

በማግስቱ ሐዋን ከልጃችን ጋር ደግፈን፣ ለምነን፣ ገፍተንም አስገባናት። ቀዳዳውን አየች፣ ጢሜን አየች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። በስንት ዘመን ኑሯችን መዶሻ ሳነሳ እየነጠቀችኝ ኖራ፣ አሁን የምትለው አጥታ ሳይሆን የምትልበት አጥታ ዝም አለች።

ሐረጎ ላይ ጉሙ ጠበቀን። መጥረጊያው ክው፣ ክው ይላል። የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ "እእ!" አለች፤ እጇ ክንዴን ጨመደደ። መሪው ተንገዳገደ። ሌላ የማውቀው ነገር ስላልነበረኝ ሁለት ጣቴን ቀዳዳው ውስጥ ከተትኩ።

"ክርርርር… ሽሽሽ… ይህ ከሐረጎ የሚተላለፍ ዜና ነው። አንድ የደሴ ጨርቅ ነጋዴ የገዛ ጢሙን በእሳት አያይዟል። ባለቤቱ ወይዘሮ ሐዋ ስለ ጉዳዩ ተጠይቀው መልስ ከመስጠት ተቆጥበዋል።"

ፀጥ አለች። መፍራቷን ትታ ይሁን ማበዴን እያጣራች አላውቅም። እኔ ግን ማቆም ፈራሁና ወደ መንዙማው ገባሁ። ድምፄን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በሠርጋችን ቀን እንኳ እንዳልዘፍን ያስማለችኝ ሴት ናት አጠገቤ ያለችው። ሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ እጇ ክንዴን ለቀቀ። ቀስ ብሎ ተነሳ። መሪውን ልትይዝብኝ ነው ብዬ አጥብቄ ጨበጥኩት። እጇ ግን አልፎኝ ሄደ፤ ሁለት ጣቷን ቀዳዳው ውስጥ ከታ በትንሹ አዞረች።

ድምፄን ቀነስኩ።

እንደገና አዞረች። እንደገና ቀነስኩ። እንዲህ እያዞረች እያሳነሰችኝ፣ በመጨረሻ ለራሴ እንኳ እስከማይሰማኝ ድረስ አንሾካሾክሁ። በቅቷት ነው መሰለኝ፣ እዚያ ላይ ተወችኝ። እጇ ግን ከቀዳዳው አልወጣም።

ቴፑ እስከ ዛሬ አልተገጠመም። ጀማል ሳምንት ይተዉልኝ ይለኛል፤ መኪናዋን ግን ለሳምንት ለመልቀቅ እስካሁን አልቆረጥኩም። የሐዋ ቀኝ እጅ አልተፈታም፤ ቃልም አልወጣትም። ቀዳዳው ውስጥ ከረሜላ አድርጌያለሁ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ጣቶቿን ትከትና ሬዲዮውን እስክከፍት ትጠብቀኛለች።

ባለፈው፣ ጉሙ በጣም የወፈረ ቀን፣ ስለ አንዲት ግትር ፍየል ዜና እያነበብኩ ዓይኗ ወደ ታች ሲወርድ ያዝኩት። ጉልበቴን ነበር የምታየው። እጇን ከቀዳዳው አውጥታ እዚያ ላይ አሳረፈችው። ዜናውን ቀጠልኩ። ሹፌሩን ምንም አልጠየቀችውም።