አንሶላ ስር የምትጨፍር እግር

ልጅቷ በምትተውንበት የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ላይ ራሷን ስታ ሆስፒታል ከተኛች ሰንብታለች። ሜልበርን ውስጥ ማታ ማታ ሻይዋን ይዛ የማታለቅስላት እናት የለችም። ሜካፕ የምትሠራላት ኖሊን ግን አታለቅስም። ልጅቷ በየጠዋቱ ከዘፈን ልምምድ በቀጥታ ስትመጣ ታያታለች፤ ዓይኗ ቀልቶ፣ ጸጉሯ ላይ ብልጭልጭ ተጣብቆ፣ ድምጿ ሰልሎ። «ኖሊዬ፣ ዛሬም እንደ በሽተኛ አገርጪኝ» ትልና ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል።

አርብ ዕለት ቀረጻው መሃል ዳይሬክተሩ ጮኸ። «አቁሙ! ኧረ በፈጠረሽ፣ እግርሽ እየጨፈረ ነው!»

አንሶላው ስር የእግሯ አውራ ጣት ምት ይመታል። «እኔ ተኝቻለሁ» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ፤ «እሱን አናግረው።»

ቅዳሜ ዕለት ልጅቷ የምትዘፍንበት የገበያ ማዕከል በሕዝብ ተጨናንቆ መፈናፈኛ ጠፋ። ልጅቷ መድረክ ልትወጣ ስትል አንዲት አሮጊት አበባ እንደያዙ ክንዷን ለቀም አደረጓት።

«የኔ ልጅ፣ ማን ከአልጋ ተነሺ አለሽ? ሐኪሙ ያውቃል?»

አብራት የመጣችው ኖሊን ሳቋ አመለጣት። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። አሮጊቷን ጉንጫቸውን ሳመቻቸውና «ለአንድ ዘፈን ብቻ ፈቅዶልኛል፤ እንዳይነግሩብኝ» ብላ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ጣሪያው የሚነሳ መሰለ። ሕዝቡ ዘፈኑን ከእሷ ቀድሞ ይዘፍናል፤ ያቺ እግር መድረኩን ትደበድባለች። የድራማው ደራሲዎች ልጅቷ ትንቃ ወይስ ትሙት በሚለው ገና እየተጨቃጨቁ ነው። ኖሊን ግን እግሯን አይታ ቁርጡን ዐወቀች፤ ልጅቷ ወደ ድራማው አልጋ አትመለስም።

«አበባውን ያስቀምጡት እማማ» አለች ወደ አሮጊቷ ጆሮ ጠጋ ብላ፤ «ለቀብሯ ያስፈልገናል።»

ከዚያ ኖሊንም ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ እንደ ልጅ መጮህ ጀመረች።