የአክስቴ ድምፅ በስፒከር

አዊ ውስጥ፣ አዘና ከተማ፣ በእህቴ ሠርግ ዕለት፣ በዘፈን ሊሸኟት የነበሩት አክስታችን ጉንፋን ድምፃቸውን ዘጋባቸው። ደግነቱ ቀደም ሲል በአዊኛ ሲዘፍኑ ቀድቻቸው ነበርና ላፕቶፔን ከትልቁ ስፒከር ጋር አገናኘሁት። ለድንኳኑ ሁሉ እንዲሰማ ብዬ የማጫወቻውን ድምፅ ከመቶ በላይ ገፋሁት። ምን ዋጋ አለው፣ ዘፈኑ ሻከረ!

"የማን ጅብ ነው ይሄ?" አሉ አክስቴ በሰለለ ድምፅ። "አጥፊው ልጄ፣ በሰው ፊት አታዋርጂኝ!"

"ትንሽ ይታገሱኝ፣ እትዬ።"

ኮምፒውተር ከልኩ በላይ ሲጮህ የድምፁን ጫፍ እየቆረጠ ያበላሸዋል፤ ይህን ራሴ ስነካካ ነው የደረስኩበት። የላፕቶፑን ድምፅ ዝቅ አድርጌ የስፒከሩን ቁልፍ ከፍ አደረግሁት። ዘፈኑ ጥርት ብሎ ወጣ።

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። አክስቴም ሙሽራዋን እጇን ይዘው አስነሡና በገዛ ድምፃቸው እስክስታ ወረዱ።