ሂሩት ጆሮዋን ስትመታ

ልጄ ሂሩት መጀመሪያ የመታችው ግራ ጆሮዋን ነው። አራት ዓመቷ ነበር። በመዳፏ ጀምራ በጡጫ ቀጠለች፤ ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ጭንቅላቷን ከግድግዳ ጋር ታጋጭ ጀመር። ይህን የምጽፈው እንደ ሂሩት የማይናገር ልጅ ለምታሳድጉ ወላጆች ነው።

ሁለት ዓመት እስኪሆናት "ማማ" እና "ውሃ" ትል ነበር። ከዚያ ቃላቱ ጠፉ። ስሟን ስንጠራት አትዞርም፤ ዓይናችንን አታይም፤ የቆርቆሮ ክዳን መሬት ላይ እያሽከረከረች ትውላለች። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ድሬዳዋ ውስጥ የዚህን ነገር ስም የሚነግረን ሰው አላገኘንም። አንዱ ደንቆሮ ናት ይላል፣ ሌላው ክፉ መንፈስ ነው ይላል። ባለቤቴ የባቡር ሠራተኛ በመሆኑ ጅቡቲ ይመላለሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከእሷ ጋር ብቻዬን ነበርኩ።

ስለዚህ ጆሮዋን መምታት ስትጀምር አዲስ አመል ያመጣች መሰለኝ። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ጮኸች፣ ተንፈራገጠች፤ የሚመረምራት ሰው ሊነካት አልቻለም። የሚያረጋጋ ሽሮፕ ሰጥቶ ሸኘን። ሽሮፑ አስተኛት። ስትነቃ መምታቷን ቀጠለች።

እሑድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ ነበር። የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል። ይዣት ብሄድ ትጮኻለች፤ ትቻት ብሄድ ራሷን ትጎዳለች። ሁለት እጆቿን በነጠላ ከአልጋው ብረት ጋር አሰርኩ። በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁ።

ይህን መጻፍ ይከብደኛል። ግን አስሬያታለሁ።

ስመለስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አጠገባችን ሱቅ ያላት የሱማሌ ጎረቤቴ ሐሊማ ልጄን ፈትታ አቅፋታለች። ጩኸቷ በድንገት ሲቆም ፈርታ ነው የገባችው።

"አቦ ምን አደረግሽ?" አለችኝ። "ወላሂ ይቺ ልጅ ሰይጣን የለባትም። እሳት ሆናለች። ንኪያት!"

ነካኋት። ታቃጥላለች። ከጆሮዋ ጀርባ አብጧል። ጆሮዋ ወደ ፊት ተገፍቷል። ዓይኗ ተከፍቷል፣ አያይም።

ሐሊማ ሱቋን ዘግታ ጋሪ ጠራች።

ሆስፒታል የተቀበለን ሐኪም ወጣት ነበር። ወዲያው አልነካትም፤ ወለሉ ላይ አጠገቧ ቁጭ አለ። ቀስ ብሎ ባትሪውን ወደ ጆሮዋ አቀረበ። ከዚያ የእጇን አንጓ አየ።

"ማን አሰራት?"

"እኔ።"

ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም።

"ማስቶይዳይቲስ ነው" አለ። "የመሀል ጆሮ ኢንፌክሽን ከጆሮ ጀርባ ያለው አጥንት ውስጥ ገብቷል። ወደ አንጎል ከተሻገረ ማጅራት ገትር ይሆናል። አሁኑኑ ከፍተን መግሉን ማውጣት አለብን።"

"እንዳመማት አልነገረችኝም እኮ።"

"ነግራሻለች። ጆሮዋን መምታት ከጀመረች ስንት ቀን ሆናት?"

"አሥራ ሁለት ቀን።"

ወሰዷት። በሩ ተዘጋ። ሐሊማ መቁጠሪያዋን ይዛ ትጸልያለች። እኔ አልቻልኩም። የሚታየኝ ነጠላው ብቻ ነበር። በሩ ተከፈተ።

"ደርሰንላታል" አለ ሐኪሙ።

ከዚያ በኋላ የፔኒሲሊን መርፌ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አራት ሰው ይዞ ይወጋት ነበር፤ በኋላ ግን አንዲት ነርስ ባዶውን ሲሪንጅ ለሂሩት ሰጥታ፣ እንደልቧ እንድታገላብጠው ትታት፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓትና በአንድ አልጋ ላይ፣ እስከ አምስት ቆጥራ መውጋት ስትጀምር፣ ልጄ እያለቀሰችም ቢሆን ራሷ ትተኛላት ጀመር። ባለቤቴ ከጅቡቲ ተመልሶ ስለ ነጠላው ስነግረው "ብቻሽን ትቼሽ ነው" ብሎ ከሥራው የቀን ፈረቃ ጠየቀ።

ልንወጣ ስንል ሐኪሙ ለብቻችን አነጋገረን። "ኦቲዝም ይባላል" አለ። "የእናንተ ጥፋት አይደለም። መድኃኒት የለኝም፤ ግን ትማራለች። ቀስ ብላችሁ አስተምሯት።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግድግዳው ላይ በከሰል የሰው ቅርፅ ሥዬ፣ የእሷን እጅ ይዤ አንዴ ሥዕሉን፣ አንዴ ሰውነቷን እያስነካኋት፣ ሆድ፣ ጆሮ፣ ጥርስ እያልኩ በየቀኑ አስተምራት ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም ምልክት ሳይታይባት ቆየ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ ሳጥብ መጥታ እርጥብ እጄን ጎተተችና መንጋጋዋ ላይ አሳረፈችው። አፏን ከፈትኩ። ጥርሷ ነቅዟል። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ሐኪም ቤት ይዣት ሄድኩ።

ሂሩት ዛሬም አትናገርም። ሐሊማን፣ ነርሷንና ያንን ሐኪም ፈጣሪ ይባርክልኝ። እናንተ ደግሞ፣ የልጃችሁ አመል በድንገት ሲለወጥ፣ ከመቆጣታችሁም ጸበል ከመሄዳችሁም በፊት ጆሮውን፣ ጥርሱን፣ ሆዱን አስመርምሩ። አንዱ ሐኪም ካልነካው ወደ ሌላው ሂዱ። ከደከማችሁ የጎረቤት በር አንኳኩ። እኔ ያን እሑድ የሐሊማን በር አንኳክቼ ቢሆን ኖሮ፣ እሷ ልጄን ትይዝልኝ ነበር።